ዳኛው አረፈ

አምደኛው ርዕስ ማውጣት ይችልበታል። ይህን የሚለው እሱ ራሱ ነው፤ ግን እውነቱን ለመናገር ሌላውም አይክደውም። በጋዜጣው ሁለተኛ ገጽ፣ ግራ ጥግ ላይ፣ ከመዳፍ በማትበልጥ ቦታ በየቀኑ ስለ ሰሞኑ ነገር ይጽፋል። ምክር ቤት ውስጥ ማን እንዳንቀላፋ፣ የገንዘብ ሚኒስትሩ «በቅርቡ» የምትለዋን ቃል በአንድ መግለጫ ስንት ጊዜ እንዳነሷት፣ ብሔራዊ ቡድኑ ተሸንፎ ሲመለስ አሰልጣኙ በሣሩ እንዴት እንዳሳበቡ። ትልቁን ወሬ ሌሎች ይጽፉታል፤ እሱ ከትልቁ ወሬ ጫፍ የምትንጠባጠበዋን ይለቅማል። አንባቢ ጋዜጣውን ገዝቶ መጀመሪያ የሚገልጠው ያቺን ጥግ ነው ይባላል። ይህንንም በአብዛኛው የሚለው እሱ ነው።

ሁለት ትርጉም ያላት ቃል ካገኘ ምሳ አያምረውም። የግብር አዋጁ ሲጸድቅ ግማሹ የምክር ቤት አባል ተኝቶ ስለነበር በማግስቱ «ድምፀ ተዓቅቦ በማንኮራፋት» ብሎ ጻፈ። ባንክ ቤት በር ላይ ሰው በፀሐይ ተሰልፎ የዋለ ሰሞን ደግሞ «ገንዘብዎ ተቀምጧል፣ እርስዎ ይቁሙ» አለ። ይህቺን ርዕስ ሰው በየታክሲው ይዟት ዞረ፤ የባንኩ ሰዎችም ለሁለት ወር ያህል ሰላምታ ነፈጉት። በደስታ ክብደት የጨመረው ያን ጊዜ ነው።

ከአንባቢዎቹ ሁሉ ቀንደኛዋ እናቱ ነች። ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው ከታናሽ እህቱ ጋር ነው። እህቱ መድኃኒት ቤት ስለምትሠራ ጠዋት ወጥታ የምትመለሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ እናትየው ከጋዜጣዋ ጋር ትውላለች። ጋዜጣ አዳዩ ጠዋት በበሩ ሥር ያስገባላታል፤ እሷም መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ፣ እጀታው በፕላስተር የታሰረ ማጉያ መነጽሯን አንሥታ የልጇን ርዕስ ታነባለች። ርዕሱን ብቻ። ከሥሩ ያለው ደቃቅ ጽሑፍ ዓይኗን ስለሚያደክማት እሱን ከሰዓት በኋላ እህቱ ታነብላታለች።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ማስታወስ እየከበዳት መጥቷል። ምሳ መብላቷን ትረሳለች። ምድጃ ላይ የጣደችውን ትረሳለች። ትናንት ማን መጥቶ እንደነበር ሲጠይቋት ነገሩን ወደ ሳቅ ታዞረዋለች። ርዕስ ግን ከአፏ አይጠፋም። ጎረቤት ሲመጣ «የኔ ልጅ ምን ብሎ እንደነካቸው ሰምተሻል?» ትልና የዛሬ ሦስት ዓመቱን ርዕስ አንዲት ፊደል ሳታዛንፍ ትወጣዋለች።

ታላቅ ወንድማቸው የእግር ኳስ ዳኛ ነው። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ በየሜዳው ሲሮጥ፣ ሲሰደብ፣ ሲሮጥ ኖሯል። ሰው ሁሉ «ዳኛው» ነው የሚለው፤ እናቱም ብትሆን «ዳኛዬ» ነው የምትለው፤ ስሙን የምታነሣው ስትቆጣው ብቻ ነው። አንድም ቀን ስታዲየም ገብታ አታውቅም። «ልጄን ሲሰድቡት ልሰማ ነው የምሄደው?» ትላለች። ደግሞ የሥራው ነገር ምንጊዜም አይገባትም ነበር። «ሌላው የሚሮጠው ኳስ አለች ብሎ ነው። የኔን ልጅ ኳስ እንኳ አያስነኩትም፤ ለምንድን ነው የሚያሮጡት?» እያለች ትጠይቅ ነበር። ሲሮጥ ልቡ ቀጥ ይልበታል ብላ እየፈራች ነው የኖረችው።

በሃምሳ አንድ ዓመቱ ጉልበቱ እምቢ አለ። አንድ እሑድ የመጨረሻ ጨዋታውን ዳኝቶ ወጣ፤ ተመልካቹም ለመጀመሪያ ጊዜ አጨበጨበለት። አምደኛው ሰኞ ዕለት ስለዚህ ጻፈ። እንዲህ አምሮለት ጽፎ አያውቅም። ወንድሙ ሣር ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲፈታ፣ ከዚህ ወዲያ እሑድ እሑድ ምን እንደሚሠራ ግራ ገብቶት ሲስቅ ጻፈው። ከዚያ ርዕሱ መጣችለት፤ ራሷ መጥታ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አለች፦ «ዳኛው አረፈ»።

አራሚዋ ቀይ እስክሪብቶዋን ይዛ መጣች። ሠላሳ ዓመት የሰው ስህተት ስታርም የኖረች፣ ነገር የማታበዛ ሴት ነች።

«ይቺ ርዕስ ሰው ታስደነግጣለች» አለችው።

«ምኗ?»

«አረፈ ማለት ሞተ ማለት ነው እኮ።»

«ደከመውና አረፈ ማለትም ነው። ደግሞ ጋዜጣችን ለሞተ ሰው ‹አረፉ› ነው የሚለው። እኔ ያልኩት ‹አረፈ› ነው። ለሞተ ሰው አንቱታ ነፍገን እናውቃለን? አንባቢ ልዩነቷን ያውቃታል።»

«ርዕስ ብቻ አይቶ የሚያልፍ ሰው አለ።»

«እሱማ የኔ አንባቢ አይደለም» አላት።

አፉን ሞልቶ ነው የተናገረው። ወረቀቱ ላይ ያሰመረችውን ቀይ መስመር እያየ ፈገግ አለ። እናቱ በዚያች ሰዓት በሐሳቡ እንኳ አላለፈችም።

ማክሰኞ ጠዋት ቢሮ ሲገባ ስልኩ እየጮኸ ነበር። የመጀመሪያው ደዋይ «እግዜር ያጽናህ» ብሎ ዘጋው። ሁለተኛው ቀብሩ የት እንደሆነ ጠየቀ። ሦስተኛው ዳኛው በሕይወቱ ሦስት ጊዜ ቀይ ካርድ የሰጠው አምበል ነበር፤ ሰውዬው ስልኩ ላይ አለቀሰ፤ «ሁለቱ እንኳ ይገባኝ ነበር» አለ። አምደኛው ተሳቀቀ፤ ከዚያ ደግሞ ሳቁ መጣ። የነገው ጽሑፍ እጁ ላይ ወደቀለት። አራሚዋ በመስታወቱ በኩል ስታየው ትከሻውን ነቀነቀላት።

አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ራሱ ዳኛው ደወለ።

«እኔ ነኝ፣ ሟቹ» አለ። «ቀብሬ ስንት ሰዓት ነው? እንዳላረፍድ ብዬ ነው።»

«ጋሼ፣ ይቅርታ» አለ አምደኛው እየሳቀ። «ቡድኖቹ ሁሉ አለቀሱልህ። በቁምህ ያላየኸውን ፍቅር አየህ።»

«የቤቴ በር ላይ ሰው ቆሟል። ፒጃማዬን ለብሼ ብወጣ አንዷ ሴትዮ ጮኸች።» ዳኛውም ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና «እማዬስ?» አለ።

አምደኛው ወደ ግድግዳው ሰዓት ቀና አለ።

«ማነው ያለው እማዬ ጋ?» አለ ዳኛው።

ማንም የለም። እህታቸው ሥራ ላይ ነች። ጋዜጣው በበሩ ሥር የገባው አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ብቻዋን ናት። አምደኛው ስልኩን ዘጋና የቤቱን ስልክ ደወለ፤ ይጠራል፣ አይነሣም። ድጋሚ ደወለ። ኮቱን ሳይለብስ ወጣ።

ታክሲው ሁለት ማዞሪያ እንደሄደ ቆመ። የውጭ አገር እንግዶች ስለሚያልፉ መንገድ ተዘግቷል። አምደኛው ስለዚህ መዘጋት ባለፈው ሳምንት ጽፎ ሰውን አስቆ ነበር፤ አሁን ምን እንዳለው እንኳ ትዝ አላለውም። ወርዶ ሮጠ። አርባ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ከወንበር ተነሥቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ልቡ ጉሮሮው ሥር እስክትደርስ ሮጠ።

እናቱን ያገኛት መተላለፊያው ላይ መሬት ተቀምጣ ነው። የሌሊት ልብሷን እንደለበሰች ነች፤ አንድ እግሯ ላይ ጫማ አለ፣ ሌላኛው ባዶ ነው። ልትወጣ አስባ ሌላኛውን ጫማ ፍለጋ ላይ አቅም አጥታለች። ጋዜጣው ጉልበቷ ላይ ነው። በዚያ ገጽ ላይ ያለ ፎቶግራፍ ሁሉ በቀጭን ጥቁር መስመር ነው የሚታጠረው፤ ዳኛው ከጥቁሩ መስመር ውስጥ ሆኖ ያያታል። ከማልቀሷ ብዛት ድምጿ ተዘግቶ ነበር።

«ለምን በጋዜጣ ነገራችሁኝ?» አለችው። «ለእናት የልጇ መርዶ በጋዜጣ ይነገራታል?»

«አልሞተም እማዬ። አልሞተም። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ሥራውን አቆመ ለማለት ነው፤ ደክሞት አረፈ ለማለት ነው።»

«አዎ፣ አረፈ» አለች። «አንብቤዋለሁ።»

ያን ጊዜ ነው የገባው። አራሚዋ ፊት ቆሞ ስለ አንቱታ ሲደሰኩር እናት ልጇን አንቱ እንደማትል ረስቶ ነበር። ‹አረፉ› ብሎ ቢጽፍ ኖሮ የሰው ሰው መስሏት ታልፈው ነበር። ‹አረፈ› ግን የቤት ቃል ነው፤ እናት ስለ ልጇ የምትለው እንዲያ ነው። በዓለም ላይ ያቺን ርዕስ በትክክል የምታነብ አንዲት ሰው ብትኖር እሷ ነች፤ እሷ ደግሞ በትክክል አነበበችው። መሬቱ ላይ አጠገቧ ተቀምጦ ባዶ እግሯን በእጆቹ ያዘ።

ዳኛው ደረሰ። ገና ከበሩ ሲገባ አየችው፤ ለአፍታ ፈራችው፤ ከዚያ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ጉንጩን፣ ጆሮውን፣ አንገቱን ዳሰሰች። በጥፊ መታችው። ደግማ መታችውና አቅፋ ሳቀች። እህታቸውም ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ መጣች፤ አራቱም አብረው ምሳ በሉ። እናትየው ሙሉውን ከሰዓት የዳኛውን እጅጌ አልለቀቀችም። ሽንት ቤት ሊሄድ ሲነሣ እንኳ «ወዴት ነው?» ትለው ነበር። አምደኛው ማምሻውን ወደ ቢሮ ሲመለስ የዳነ መሰለው።

ማረሚያው ረቡዕ ወጣ። በዚያ ጋዜጣ ማረሚያ የሚወጣው አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ፣ ከጠፉ ሰነዶች ማስታወቂያ ሥር ነው፤ የሚኒስትርም ስህተት ቢሆን ቦታው እዚያው ነው። በዚህ ላይ አምደኛው ስንት ጊዜ ቀልዷል። ማረሚያው ሁለት መስመር ተኩል ሆነ። በራሱም ጥግ ስለ ሞተውና ስለተነሣው ወንድሙ ጻፈ፤ ሰው ስቆ ሞተ፤ አምበሉ ደውሎ የለቅሶውን ዋጋ ይመለስልኝ አለ።

ስልኩን እንዳስቀመጠ እህቱ ደወለች።

«እማዬ ጥቁር ለብሳለች» አለችው።

«ዛሬ?»

«ጠዋት ስነሣ ከቁም ሣጥኑ አውጥታ ለብሳ ጠበቀችኝ። ‹ዛሬ ሥራ ልትሄጂ ነው? ወንድምሽ ሞቶ?› አለችኝ። ትናንት እኮ ከጎኗ ተቀምጦ ምሳ በልቷል ብላት ‹ማን?› አለችኝ።»

ሐኪም ዘንድ ወሰዷት፤ ሐኪሙም ነገሩን በቀላሉ አስረዳቸው። የትናንቱን የምትይዝበት ቦታ ተጎድቷል፤ ሐዘን ግን የሚገባው በሌላ በር ነው፤ አንዴ ከገባ የሚቀመጥበት ቦታ አያጣም። ደስታውስ፣ ብሎ ጠየቀ አምደኛው፤ ልጇን ስታይ የተደሰተችውስ? ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። ደስታው አጭር ነበር አለ። ሐዘኑን ብቻዋን ሦስት ሰዓት ይዛው ቆይታለች።

ጋዜጣውን ደበቁት። ምን ዋጋ አለው፤ ርዕሱ ጋዜጣው ላይ ብቻ አልነበረም። በየቀኑ ጠዋት ጥቁሯን ትለብሳለች። በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ዳኛው ይመጣል፤ በሩ ላይ ስታየው ትደነግጣለች፣ ትዳስሰዋለች፣ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። ቀኑን ታቅፋው ትውላለች። በነጋታው ጠዋት ደግሞ ሞቷል።

ዳኛው መጀመሪያ ላይ ቀልድ አላነሰውም። «ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ አትክልት ይኮተኩታል» ይል ነበር፤ «እኔ ከሙታን መነሣት ጀመርኩ። እሑድም አላርፍም።» እያነከሰ አንድም ቀን ሳያዛንፍ መጣ። አንድ ጊዜ ግን አምደኛው ከበሩ ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ።

«ምነው ጋሼ?»

«ቆይ፣ ትንሽ ልተንፍስ» አለ። «ገብቼ ልሙት፣ ገብቼ ልነሣ፤ ቀላል መሰለህ? ፊቷን እኮ እኔ ነኝ የማየው።»

አምደኛውም አጠገቡ ተቀመጠ። ስንት ቀን ሊለው ያሰበውን አሁን አለው። «ገደልኩህ ጋሼ» አለ። «ለአንዲት ቃል ጨዋታ ብዬ ገደልኩህ።»

ዳኛው የታመመ ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። «አንድ ጊዜ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጥቻለሁ» አለ በመጨረሻ። «አጥቂው ራሱ ነበር የወደቀው። ፊሽካውን እንደነፋሁ አወቅሁ። ኳሷን አስቀመጡ፣ ወደ ኋላ ሄዱ፣ ሮጠው መቱ። ያን ሁሉ ጊዜ ቆሜ አውቃለሁ። ግብ ጠባቂው ገና ልጅ ነበር፤ ዓይን ዓይኔን እያየኝ ነው የገባበት።» ተነሣና ሱሪውን አራገፈ። «ይቅር ብያለሁ ልልህ ነው። ግን ያ ልጅ ይቅር ይበለኝ አይበለኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ና፣ እንግባ።»

አንድ ወር ከግማሽ አለፈ። የአምደኛው ርዕሶች ደነዙ። «ስለ ዳቦ ዋጋ» ይላል። «ስለ እሑዱ ጨዋታ» ይላል። የገንዘብ ሚኒስትሩ ከሥልጣን ሲነሡ፣ አገር ሁሉ የአምደኛውን ርዕስ ሲጠብቅ፣ «ሚኒስትሩ ከሥልጣን ተነሡ» ብሎ ጻፈ። አዘጋጁ ታሞ እንደሆነ ጠየቀው። እሱ ግን እያንዳንዷን ቃል ገልብጦ ከሥሯ ሌላ ትርጉም እንዳለ ሳይመረምር አይለቃትም፤ ከሁሉም ቃል ሥር ደግሞ አንድ ነገር አያጣም።

እናትየው ዳኛውን ማወቅ ያቆመችው በዚሁ ሰሞን ነው። ድንገት አልነበረም። አንድ ቀን ዳሰሰችው፣ አልሳቀችም። በሌላው ቀን ከሩቅ አየችውና ወደ መስኮቱ ዞረች። ልጇ ሞቷል፤ ይህን በደንብ ታውቃለች፤ ታዲያ ይኼ በየቀኑ እየመጣ የሚቀመጠው ሰው ሌላ ሰው መሆን አለበት። ነገሩ ለእሷ ግልጽ ነበር። እህታቸው ከሥራ በቀረችበት አንድ ሐሙስ ዳኛው ሲገባ ከወንበሯ ለመነሣት ሞከረችና «ይግቡ» አለችው። «ይቀመጡ። እንዲህ በየቀኑ እየመጡ ለምን ይደክማሉ?»

እህታቸው ወደ ጓዳ ሮጠች። ሃምሳ አንድ ዓመት ሙሉ «አንተ» ስትለው የኖረችው እናት ልጇን አንቱ አለችው።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ» አለ ዳኛው።

ፊቷ ተለወጠ። አልተቆጣችም፤ አፈረች እንጂ፤ እንግዳ ሰው እማዬ ሲላት ምን እንደምትመልስ አጣች። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። ዳኛው ይህን አየ። ከዚያ ቀን ወዲህ እማዬ ብሎ አልጠራትም። እሱም እርስዎ ይላት ጀመር።

አምደኛው የመጨረሻ ተስፋ ያደረገው በሙያው ላይ ነው። ጋዜጣ የገደለውን ጋዜጣ ይመልስ ይሆናል ብሎ አሰበ፤ እሷ ከሰው አፍ ይልቅ የምታምነው ርዕስን ነዋ። አራሚዋን ለመናት። እሷም ነግሬህ ነበር እንኳ አላለችውም። ሠራተኛው ምሳ ሲወጣ ሁለተኛውን ገጽ ራሷ አቀናበረችው፤ ያው ጥግ፣ ያው የፊደል መጠን፣ ያው ፎቶግራፍ፣ ጥቁሩ መስመር ግን የለም። ርዕሱ «ዳኛው በሕይወት አለ» ይላል። አንድ ቅጂ ብቻ ታተመ። ቀለሙ ሳይደርቅ ይዞት በረረ።

እናቱ ማጉያ መነጽሯን አንሥታ ቀስ ብላ አነበበች። አምደኛው፣ እህቱና ዳኛው ቆመው ይጠብቃሉ።

«ደስ ሲል» አለች። «ተረፈ ማለት ነው?»

«አዎ እማዬ፣ ተርፏል» አለ አምደኛው። «በሕይወት አለ።»

«እሰይ። እናቱ እንኳን ደስ አላት። የማን ልጅ ነው?»

«ያንቺ ነው። ዳኛሽ ነው። ፎቶውን እዪው።»

መነጽሩን ወደ ፎቶግራፉ አወረደች። ረጅም ጊዜ አየችው፤ በጣቷም ነካችው። ከዚያ በሐዘኔታ ራሷን ነቀነቀች። «ተሳስተዋል» አለችው። «የኔን ልጅ ፎቶ ለሌላ ሰው ልጅ ወሬ አድርገውበታል። ያቺም እናት ብታየው ትደነግጣለች። ለአለቃህ ንገረውና ያርሙት።»

አምደኛው እነግረዋለሁ አላት። ጋዜጣውን ተቀብሏት አጣጠፈውና ኮቱ ውስጥ ከተተው፤ የዚያን ቀን ከሰዓት ወደ ቢሮ አልተመለሰም።

ከዚያ ወዲያ ማንም ሊያርማት አልሞከረም። ዳኛው መምጣቱን አላቋረጠም፤ እንደ ጎረቤት ይመጣል፣ እንደ እንግዳ ይቀመጣል። መድኃኒቷን በሰዓቱ ያቀብላታል። ስለ ልጇ ታወራዋለች፤ እንዴት እንደሚሮጥ፣ ኳስ እንደማያስነኩት፣ ሲሰድቡት መስማት እንደማትወድ። እሱም እንደማያውቅ ሆኖ ይሰማታል፤ አንዳንዴ «ጎበዝ ነበር?» ብሎ ይጠይቃታል። «ጎበዝ ነበር» ትለዋለች፤ «ግን አያርፍም ነበር።» አምደኛው ይህን ለመስማት አቅም ስለሌለው እንዲህ ሲጫወቱ ሬዲዮውን ከፈት ያደርጋል፤ ሬዲዮው ስለ ምርጫ፣ ስለ ነዳጅ፣ ስለ ዋንጫ ያወራል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደቃቅ ዝናብ እየዘነበ ነበር። ዜናው አልቆ አምደኛው ሬዲዮውን ዘጋ። እናቱ ዳኛውን ትኩር ብላ አየችው፤ የእጅጌውን ጫፍ፣ ጸጉሩን፣ የታመመውን ጉልበቱን።

«እናትዎ አሉ?» ብላ ጠየቀችው።

«አለች» አለ ዳኛው።

«በሕይወት?»

«አዎ፣ በሕይወት።»

«እዚሁ ከተማ?»

«እዚሁ ናት። ሩቅ አይደለችም።»

«ታዲያ በየቀኑ እኔ ዘንድ ምን ያደርጋሉ?» አለች፤ ድምጿ ውስጥ እውነተኛ ቁጣ ነበረበት። «እኔ ልጄ የሞተብኝ ሴት ነኝ። እኔን ተቀምጠው ቢጠብቁኝ አይነሣልኝም። እሳቸው ዘንድ ይሂዱ እንጂ። ይዩዎት። እናት ልጇን ካላየች ስንት ነገር ነው የምታስበው።»

«እሄዳለሁ።»

«አሁን ይሂዱ።»

ዳኛው ወንድሙን አየው። እናትየው እስኪነሣ ድረስ ዓይኗን ከበሩ ላይ ልታነሣ አልቻለችም። ዳኛው ተነሣ፣ ኮቱን ለበሰ። «ሰላም ይበሉልኝ» አለችው ከኋላው።

አምደኛው መስኮቱ አጠገብ ቆመ። ወንድሙ ከሕንፃው ሲወጣ አየው። ዝናቡ ላይ ትንሽ ቆመ፤ ወዴት እንደሚሄድ የማያውቅ ይመስል ግራና ቀኝ አየ፤ ከዚያ እያነከሰ የሰፈሩን ግንብ ተከትሎ ሄደ። ከዓይን ተሰወረ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ በዚያኛው በኩል ዞሮ መጣ።

በሩን ሲያንኳኳ አምደኛው ከፈተለት። ጸጉሩ ረጥቧል። እናትየው ከወንበሯ ሳትነቃነቅ ስትጠብቀው ነበር፤ ይህን አልረሳችውም።

«አገኟቸው?» አለችው።

«አገኘኋት።»

«ደስ አላቸው?»

ዳኛው እርጥብ ኮቱን ሳያወልቅ ከእግሯ ሥር ባለችው ዝቅተኛ ወንበር ላይ ተቀመጠ። «ደስ አላት» አለ።

«እሰይ» አለች። እጇን ሰዳ ውሃውን ከጸጉሩ ላይ ጠረገችለት፤ እንግዳ ሰው መሆኑ ትዝ ሲላት ደግሞ እጇን መለሰች። ከዚያ ወደ አምደኛው ዞር ብላ፣ ሰውዬው እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ወንድምህ ቢኖር እኮ ልክ እሳቸውን ያህል ነበር» አለችው።